የዓድዋ ሰልፈኞች ልብስ በኪራይ አይሁን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የካቲት 23 ቀን ማለዳ ወደ ምኒልክ አደባባይ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሰልፈኞች አሉ። ጎፈር ደፍተው፣ ለምድ ደርበው፣ ጋሻና ጦር ይዘው፣ ገና ጎህ ሲቀድ ከአቡነ ጴጥሮስ፣ ከአራት ኪሎና ከሠራተኛ ሰፈር አቅጣጫ እየፎከሩ ይመጣሉ፤ ከዐፄ ምኒልክ ሐውልት ሥር ሲደርሱም ክብ ሠርተው «ዘራፍ!» ይላሉ። እኔ በአራዳ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ካለፉት 11 ዓመታት ወዲህ ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር ሆኜ በዚያ ሰልፍ እጓዛለሁ። ስለ በዓሉ አከባበር ብዙ ሰዎች ብዙ ነገር ጽፈዋል፤ እኔ የምጽፈው ስለነዚህ ቡድኖችና ስለሚለብሱት ልብስ ብቻ ነው።

ዘንድሮ በዓሉ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው አንድ ድርጅት ለሰፈራችን ወጣቶች መልእክት ላከ። ሠላሳ ሰው እንደሚፈልግ፣ ልብሱን ራሱ ተከራይቶ እንደሚያመጣ፣ ለእያንዳንዳቸውም የቀን አበል እንደሚከፍል ነገራቸው። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ተቀበሉ፤ እኔም አልከለከልኳቸውም። በዋዜማው ማታ ልብሱ በሁለት ማዳበሪያ ተጠቅጥቆ መጣ። ጎፈሩ ቡናማ ቀለም የተነከረ የፍየል ጠጉር በካርቶን ላይ በማስቲሽ ተለጥፎ የተሠራ ነበር፤ ጋሻው ቆርቆሮ ነው፤ ለምዱም የመጋረጃ ጨርቅ ነው። በነጋታው ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ላብ የነካው ቀለም መልቀቅ ጀመረ። ከጎረቤቴ ልጅ ግንባር ተነሥቶ በጆሮ ግንዱ በኩል ወረደና እናቱ ሌሊት አጥባ፣ ተኩሳ ያለበሰችውን የነጭ እጀ ጠባብ አንገትጌ ቡናማ አደረገው። ልጁ ጎፈሩን አውልቆ በብብቱ ሥር ይዞ፣ ፎቶ ከሚያነሡት ሰዎች ፊቱን ሲያዞር አየሁት። ዕድሜው 16 ነው። ከጥር ወር ጀምሮ ስለ ፊታውራሪ ገበየሁ ያገኘውን ሁሉ ሲያነብና እኔን ሲጠይቅ የከረመ ልጅ ነው። ሰልፉ ሲያበቃ ደግሞ ሠላሳዎቹም የድርጅቱ ስም የታተመበት ቲሸርት በለምዱ ላይ እንዲደርቡ ተጠይቀው ፎቶ ተነሡ። አበላቸውን ተቀበሉ፤ ልብሱም ወደ ማዳበሪያው ተመለሰ።

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ ሳስበው የነበረው ከጥቂት ዓመታት በፊት በስፔን ያየሁትን ነገር ነው። የእህቴ ልጅ ቫሌንሲያ ከተማ ስለምትኖር ልጠይቃት ሄጄ ነበር፤ እሷም ከዚያ ወደ ደቡብ በምትገኘው አልኮይ በምትባል ተራራማ ከተማ «ሙሮችና ክርስቲያኖች» የሚባለውን በዓል ወስዳ አሳየችኝ። ሙሮች የሚባሉት በመካከለኛው ዘመን የስፔንን ምድር ይገዙ የነበሩት ሙስሊሞች ናቸው። የበዓሉ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1276 አል-አዝራቅ የተባለ የሙስሊሞች የጦር አለቃ ከተማዋን ሲያጠቃ በዚያው ሞተ፣ ከተማዋንም ያዳናት ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው የሚል ትውፊት ነው። በዓሉ ሦስት ቀን ይቆያል። በመጀመሪያው ቀን ጧት የክርስቲያኖቹ፣ ከሰዓት በኋላ የሙሮቹ ሠራዊት ወደ ከተማዋ ይገባል፤ ሁለተኛው ቀን የቅዱሱ ነው፤ በሦስተኛው ቀን የሁለቱ ወገን መልእክተኞች በአደባባዩ ላይ ከእንጨት በተሠራ ግንብ ሥር እየቆሙ ይነጋገራሉ፣ አልስማማ ሲሉም ባሩድ ብቻ የጎረሰ ጠመንጃ እየተኮሱ ከተማዋን ጭስ በጭስ ያደርጓታል። መጨረሻ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን የሚወክል ሕፃን በግንቡ አናት ላይ ብቅ ይላል።

የሙሮቹ ሠራዊት ሲገባ ከአንድ ጠባብ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። አሥር ያህል ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በአንድ መስመር ይመጣሉ፤ ከፊታቸው አንድ መሪ ጎራዴውን እያወዛወዘ ለብቻው ይሄዳል፤ ከኋላቸው ትልልቅ ከበሮና የትንፋሽ መሣሪያ የያዘ ባንድ ይከተላል። እርምጃቸው እጅግ ዝግ ያለ ነው፤ የተነሣው እግር መሬት እስኪነካ ድረስ ሙዚቃው ራሱ የሚጠብቃቸው ይመስላል። ከመስመሩ ጫፍ የነበረው ሰው በእኔ ዕድሜ የሚገኝ ሽማግሌ ነበርና ካባው በአጠገቤ ሲያልፍ ጠርዙ ላይ ደጋግሞ የተጠገነ ስፌት አየሁ። ክሩ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ በተለያየ ዘመን በተለያየ እጅ የተሰፋ ነው። የእህቴ ልጅ አጠገባችን የቆመችውን ሴት ስትጠይቃት፣ ሰውየው በዚያው ቡድን ውስጥ ከወጣትነቱ ጀምሮ እንዳለ፣ ልብሱም የራሱ እንደሆነ፣ አባቱም የዚያው ቡድን አባል እንደነበር ነገረቻት።

በአልኮይ እንዲህ ያሉ ቡድኖች 28 ናቸው፤ 14ቱ የሙር፣ 14ቱ የክርስቲያን ወገን ናቸው። በአገሩ ቋንቋ እያንዳንዱ ቡድን «ፊላ» ይባላል። የእህቴ ልጅ ይህን ቃል እንዴት እንደምትተረጉምልኝ ስትቸገር ነበር፤ እኔ ግን አሠራሩን ስትነግረኝ ወዲያው ገባኝ፤ ፊላ ማለት እድር ነው። አባላቱ ዓመቱን ሙሉ መዋጮ ያዋጣሉ። የራሳቸው ቤት አላቸው፤ በዚያ እየተሰበሰቡ አብረው ይበላሉ፣ ይለማመዳሉ፣ ሒሳብ ይተሳሰባሉ። እያንዳንዱ ፊላ ለብቻው የሚታወቅበት የልብስ ዓይነት አለው፤ ማንም እንደፈለገ አይለውጠውም። በየዓመቱ ከሙሮቹም ከክርስቲያኖቹም ወገን ተራው የደረሰው ፊላ የሠራዊቱን አለቃ ያቀርባል፤ ሌላው ተረኛ ሰንደቅ ያዡን ያቀርባል። የአለቅነት ተራ የደረሰው ፊላ ለዚያ ዓመት የሚያወጣው ወጪ ከባድ ስለሆነ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ ያጠራቅማል። ጽዋ ማኅበር ያለበት ሰው ተራው ሲደርስ እንደሚዘጋጀው ማለት ነው። ከተማዋ ለዚሁ በዓል የሚሆን ሙዚየምም አላት፤ ያረጁ ልብሶች እዚያ ተቀምጠው ይጠናሉ። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮም የከተማዋ ሙዚቀኞች ለሰልፉ ብለው የሚደርሷቸው ማርሾች አሉ፤ የሙሮቹ እርምጃና የክርስቲያኖቹ እርምጃ በዜማ ይለያያል።

እኔን ያስገረመኝ የልብሱ ጌጥ ሳይሆን ይህ ነው። ሰልፉ በዓመት ሦስት ቀን ነው፤ ቡድኑ ግን 365 ቀን አለ። የእኛ ቡድኖች አብዛኞቹ በዓሉ ሲቀርብ ተሰባስበው በማግሥቱ የሚበተኑ ናቸው፤ በዚህ መካከል ልብስና ገንዘብ ይዞ የመጣ ሁሉ ያዝዛቸዋል። ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም። ልብሱ የራሳቸው ስላልሆነ ሰልፉም የራሳቸው ሊሆን አልቻለም።

በሁለቱ በዓላት መካከል ያለው ዝምድና ካሰብኩት በላይ ነው። ዓድዋ የተዋጋነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ መታሰቢያ ዕለት ነበር፤ የድሉ መታሰቢያ የሆነው የመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም ሰልፈኞቹ ከሚቆሙበት ሐውልት ፊት ለፊት ይገኛል። የዓድዋን ጦርነት በሚያሳዩት በጥንቱ የአገራችን ሥዕሎች ላይ ቅዱሱ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ከሠራዊቱ በላይ ይታያል፤ አልኮዮችም ሕፃኑን ከግንቡ አናት ላይ ያወጡታል። ዓመታዊ በዓሉንም እኛ ሚያዝያ 23፣ እነሱም በራሳቸው አቆጣጠር ኤፕሪል 23 ቀን ያከብሩታል፤ የቀን መቁጠሪያችን ስለሚለያይ ነው እንጂ ቁጥሩ አንድ ነው።

ልዩነቱንም መናገር ይገባል። በእነሱ በዓል ሙስሊምና ክርስቲያን በሁለት ወገን ይሰለፋሉ፤ ዛሬ ሙር ሆኖ የሚለብሰው የከተማዋ ሰው ራሱ ቢሆንም፣ በአንዳንድ መንደሮች ሙስሊሞችን ያስከፋ የነበረ ሥርዓት ኋላ ላይ እንዲቀር መደረጉን እዚያው ሰምቻለሁ። የእኛ ሰልፍ ከዚህ ችግር ነፃ ነው። ዓድዋ ላይ ከወሎና ከሐረር የዘመተው ሙስሊም ከሸዋው፣ ከጎጃሙና ከትግሬው ክርስቲያን ጋር በአንድ ወገን ነበር፤ በጉራጌውና በኦሮሞው ፈረሰኛ መካከልም የሃይማኖት አጥር አልነበረም። ስለዚህ በአራዳ የሚቋቋም የዓድዋ ቡድን ከአንዋር መስጊድ ሰፈርም ከጊዮርጊስ ሰፈርም ልጆችን በአንድ መስመር ትከሻ ለትከሻ ማቆም ይችላል፣ ይገባዋልም። ማንም ጠላትን ወክሎ እንዲለብስ አያስፈልግም።

የአልኮዮቹ ልብስ በታሪክ የተረጋገጠ ነው ብዬ አልዋሽም። 1276 ሩቅ ነው፤ የሙሮቹ ካባና ጥምጣም አብዛኛው የኋለኛው ዘመን ሰው ስለ ምሥራቁ ዓለም የነበረው ምናብ ነው። እነሱ ባይጠነቀቁ ብዙ አይፈረድባቸውም። እኛ ግን ምክንያት የለንም። ዓድዋ ትናንት ነው። የዘማቾቹን የልጅ ልጆች ያየን፣ እጃቸውን የሳምን ሰዎች አሁንም በሕይወት አለን። የተነሡ ፎቶግራፎች አሉ፤ ልብሶቹም በየሣጥኑ አሉ።

እኔም ዘንድ አንድ አለ። ቅድመ አያቴ ዓድዋ የዘመተበት ለምድ ከአባቴ ደርሶኝ በሣጥን ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ይገኛል። ወርቀ ዘቦ አይደለም፤ ቅድመ አያቴ ሹም አልነበረም። የበግ ለምድ ነው። ጠጉሩ እንደ ጣት የረዘመ ነበር ይሉኛል፤ አሁን ብል በልቶት እዚህም እዚያም ቆዳው ይታያል። ገበሩ ቀይ ጨርቅ ሲሆን ወደ ጡብማ መልክ ተለውጧል። በቀኝ ትከሻው በኩል የሌላ በግ ቆዳ ተጥፎበታል፤ ስፌቱ በጅማት ነው። አባቴ ያ ጥፍ የጠመንጃ ማንገቻ የበላው ቦታ እንደሆነ ይነግረኝ ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት አሁንም የጭስና የቅቤ ሽታ አለው። ይህን ለምድ ለልጆቹ ያሳየኋቸው ጊዜ ዝም አሉ፤ ያ ባለ 16 ዓመቱ ልጅ ግን ጣቱን በጥፉ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ ታዲያ እኛ ለምን ሁላችንም እንደ ራስ እንለብሳለን?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥያቄው ትክክል ነው። ዛሬ በሰልፉ ላይ ሁሉም ባለ ጎፈር ነው። ጎፈር ግን አንበሳ ለገደለ ወይም በጦር ሜዳ ጀብዱ ለሠራ ሰው የሚገባ ክብር ነበር። ከተለያዩ አገሮች ተጠራርቶ ወደ ዓድዋ የተመመው፣ ወደ መቶ ሺሕ የሚገመተው ሕዝብ አብዛኛው በባዶ እግሩ የሄደ፣ ሸማውን የተጣፋ፣ ሱሪውን ከጉልበቱ በታች ያጠበቀ ገበሬ ነው። እርሻውን ትቶ የሄደው እሱ ነው፤ በብዛት የሞተውም እሱ ነው። በአልኮይ ከክርስቲያኖቹ ወገን ከሆኑት ፊላዎች አንዱ «ገበሬዎች» ይባላል፤ የሚለብሱት የአገሩን የገበሬ ልብስ ነው፤ ከመኳንንቱ ፊላ ዝቅ ያለ ቦታም አይሰጣቸውም። እኛም ከአምስት ቡድን አራቱን ነጭ አልብሰን፣ ስንቁን በስልቻ አሸክመን በባዶ እግሩ ብናሰልፈው፣ ሰልፉ ከጎፈሩ በሚበልጥ ግርማ ይታያል ብዬ አምናለሁ። ወጪውም ያንሳል።

ሌላው ጉዳይ መሣሪያው ነው። ልጆቻችን ጦርና ጋሻ ብቻ ይዘው ሲሰለፉ የሚያይ ሕፃን፣ ዓድዋ ላይ ጦርና ጋሻ መድፍን አሸነፈ ብሎ ያምናል። ይህ ለአባቶቻችን ክብር የሚጨምር ይመስላል፤ ለእኔ ግን ክብራቸውን የሚቀንስ ነው። ዐፄ ምኒልክ ከውጫሌ ውል በፊትም በኋላም ጠመንጃ ሲገዙ፣ ሲያሰባስቡ፣ ከአንዱ የአውሮፓ መንግሥት ሲከለከሉ ከሌላው ሲደራደሩ ኖረዋል፤ የካቲት 23 ማለዳ በኢትዮጵያ ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጠመንጃና በባልቻ አባ ነፍሶ የሚመራ መድፍ ነበር። አርቆ ማሰብ ያመጣው ድል ነው። ስለዚህ ከሰልፈኞቹ መካከል ውጅግራና ሰናድር የሚባሉትን የዚያን ዘመን ጠመንጃዎች ከእንጨት አስቀርጸው የያዙ መኖር አለባቸው። አሁን አንዳንዶች ከእንጨት የተቀረጸ ክላሽ ይዘው ይመጣሉ፤ ያ መሣሪያ የተሠራው ከዓድዋ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

ጎራዴውም እንዲሁ በፊልም እንደሚታየው በግራ ጎን ተንጠልጥሎ አያለሁ። የአገራችን ተዋጊ ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነበር፤ በግራው ጋሻ ስለሚይዝ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ልጅ ጎራዴውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዞር ለምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሲመለስለትም የአያቶቹ አካል በጦር ሜዳ እንዴት ይንቀሳቀስ እንደነበር በራሱ አካል ያውቀዋል። እኔ 30 ዓመት በክፍል ውስጥ በጠመኔ ሳስተምር እንዲህ ያለ ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም።

ሁለት ጦርነቶችም ይቀላቀላሉ። የዓድዋው ዘማችና የአምስት ዓመቱ አርበኛ አንድ አይደሉም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ፋሺስትን በዱር በገደል የተዋጋው አርበኛ ካኪ የለበሰ፣ ዝናር የታጠቀ፣ ጠጉሩን ያሳደገ ነው፤ የእርሱ ቀን ሚያዝያ 27፣ የእርሱ ቦታ አራት ኪሎ ነው። የዓድዋው ምልክት ጎፈር ነው፤ የአርበኛው ምልክት ጎፈሬ ነው። በአንድ ሰው ላይ ካኪና ለምድ፣ ጎፈርና ጎፈሬ ተደራርበው ሳይ ሁለቱም ትውልዶች የተበደሉ ይመስለኛል። የአርበኞቹ በዓል የራሱ ሰልፍ ይገባዋል፤ ቡድኖቹ ዓመቱን ሙሉ ካሉ ሁለቱንም በየቀናቸው በየልብሳቸው ማክበር ይችላሉ።

ስለ ሴቶች ማንሣት የግድ ነው። በአልኮይ ሴቶች ሙሉ አባል ሆነው ከወንዶቹ እኩል እንዳይሰለፉ ለረጅም ዘመን ተከልክለው፣ መብቱን ያገኙት ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ነው። በዚህ በኩል የእኛ ታሪክ ራሱ በሩን ከፍቶልናል። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ሠራዊት ይዘው ዘምተዋል፤ የመቀሌው ምሽግ እንዲለቀቅ ያደረገው የውኃ ምንጩ መያዝም የእሳቸው ዘዴ ነበር። በጦርነቱ ዕለት ለተዋጊው ውኃ ያደረሱት ሴቶች ናቸው። በየመንገዱ ዱቄት የፈጩት፣ በሶ የበጠበጡት፣ ቁስለኛ ያነሡትም እነሱ ናቸው። ሆኖም በሰልፋችን የሚታዩት ሴቶች ወይ አንዲት ዘውድ የደፋች እቴጌ ናቸው፣ ወይም ነጠላ አዘቅዝቀው ዳር ቆመው እልል የሚሉ ናቸው። እንስራ ያዘለች፣ አቁማዳ የተሸከመች፣ በቅሎ የምትጎትት ሴት በሰልፉ መካከል ብትሄድ፣ ያ ሠራዊት ከሸዋ ዓድዋ ድረስ ምን በልቶ እንደደረሰ ተመልካቹ በዓይኑ ያያል። ይህን ለሰፈራችን እናቶች ሳነሣላቸው አንዲቱ «እንስራው እኔ ዘንድ አለ» አሉኝ።

የሰልፉ አካሄድም ሥርዓት ይፈልጋል። የማዕረግ ስሞቻችን ራሳቸው የሰልፍ ካርታ ናቸው፤ ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመው፣ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው አዝማች ነው። ቡድኖቹ በዚሁ ተራ ቢሰለፉ ልጆቹ የማዕረጉን ትርጉም ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም። አሁን ግን የድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ከፊት ይሄዳል፤ ሌላው እንደደረሰ ከኋላው ይጎርፋል። ማጉያው የተቀዳ ዘፈን እያስጮኸ የልጆቹን ጉሮሮ ይዘጋዋል። ፉከራ በማጉያ አይሆንም። ፎካሪ የራሱን ወይም የወገኑን ሥራ፣ የጌታውን የፈረስ ስም ጠርቶ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ የሚናገረው ነው። አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ፣ አባ ቃኘው እያለ ልጁ ሲጮህ ምኒልክን፣ አሉላንና መኮንንን እየጠራ መሆኑን ማወቅ አለበት። ቀረርቶውን የሚያውቁ አዛውንት በየሰፈሩ ጥቂት ቀርተዋል፤ ቡድኑ የሚለማመድበት ቤት ካለው እነሱን ጠርቶ መማር የሚቻለው አሁን ነው። መለከትና እምቢልታ የሚነፋ ሰው ማግኘት ከዚያም ይከብዳል።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። በአራዳ ያሉ እድሮች እያንዳንዳቸው አንድ የዓድዋ ቡድን ያቋቁሙ። እድሮቻችን ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ምጣድ አሏቸው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አላቸው፤ ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠፈር ያንቀሳቅሳሉ። አንድ ሣጥን ልብስና አንድ ነጋሪት መጨመር አያቅታቸውም። 200 አባላት ያሉት እድር ለዚህ ብሎ በሰው በወር 20 ብር ቢያዋጣ በዓመት 48,000 ብር ይሆናል፤ ልብሱ ደግሞ በአንድ ዓመት አይሠራም፤ በመጀመሪያው ዓመት ሸማውን፣ በሁለተኛው ለምዱን፣ በሦስተኛው ጋሻውን እያለ ይሞላል። ሸማውን የሚሸምኑት ሽሮ ሜዳ አሉ። ቆዳ የሚያለፉ፣ እንጨት የሚቀርጹ፣ ጥልፍ የሚጠልፉ ባለሙያዎች በከተማችን አሉ፤ ለኪራይ ልብስ የሚወጣው ገንዘብ ለእነሱ ቢውል እጃቸውም አይፈታም። ጎፈሩን በተመለከተ የአንበሳ ቆዳ ይገኝ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ የቀሩትን አንበሶቻችንን ልንጠብቅ ይገባል። ቀለም ሳይነከር በተፈጥሮ መልኩ በጥሩ እጅ የተሰፋ የበግ ወይም የፍየል ጠጉር ይበቃል። በአንድ ቡድን ሁለት ወይም ሦስት ጎፈር ቢኖር፣ እሱም የሚሰጠው በዚያ ዓመት ለቡድኑ ብዙ ለደከመ አባል ቢሆን፣ ጥንት የነበረው ትርጉም በመጠኑ ይመለሳል።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከሰፈራችን በእግር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ቡድኖቹ ልብሳቸውን ከማሰፋታቸው በፊት እዚያ ሄደው፣ እንዲሁም የታሪክ ባለሙያዎችን ጠርተው ቢያማክሩ መልካም ነው። ድርጅቶችም በዓሉን ለመደገፍ ከፈለጉ በሩ አይዘጋባቸው፤ የሚሰጡትን በመስከረም ለእድሩ ሣጥን ይስጡ፣ ስማቸውንም እድሩ በመዝገቡ ላይ ይጻፈው እንጂ በለምዱ ላይ አይታተም።

በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ አሮጌ ለምድ፣ ቀሚስ፣ ዝናር ወይም የጋሻ ስባሪ ያላችሁ አንባቢያን ደግሞ፣ ብል በልቶታል ብላችሁ እንዳትጥሉት እለምናለሁ። ይለካ፣ ይሳል፣ ስፌቱ ይቆጠር። እኔ የቅድመ አያቴን ለምድ ባለፈው እሑድ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ያ ልጅ በሜትር እየለካ እኔ በደብተር ጽፌያለሁ። ከትከሻ እስከ ጫፍ 84 ሳንቲ ሜትር ነው። ልጁ የራሱን ለምድ በዚሁ ልክ ለማሰፋት በግ የሚታረድበትን ፋሲካን እየጠበቀ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር
ከአራዳ፣ አዲስ አበባ